እስከ ጥር ፈተና ድረስ

ናይሮቢ፣ መስከረም 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለአሲያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከረምሽ? እናቴ ኡሙሰልማ፣ አጎቴ በድረዲን፣ ጎረቤታችን በርሄ ከነልጆቹ እንዴት ከረሙ? እኔ አላህ ይመስገን ደህና ነኝ። ከዞብል ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ዘንድሮ ማሽላውን ሳይጠርግ አጠጥቶላችሁ እንዳለፈ ተስፋ አለኝ። አዲሱን ዓመት አላህ የጥጋብ ያድርግላችሁ።

ይህን የምጽፈው ላንቺ ነው፤ ለእናቴ ግን አንብቢላት። በአክስቷ ልጅ በኩል ብትወለጂም እኔ ከሄድኩ ወዲህ ልጇ አንቺ ሆነሻል። ትምህርት ቤት ስታስተምሪ ውለሽ ማታ እሷ ዘንድ እንደምትገቢ ሳስብ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከዩኒቨርሲቲ በንግድ ሥራ ተመርቄ የተቀጠርኩት አንድ ሕንዳዊ ጨርቅ አስመጪ ዘንድ እንደነበረ ታውቂያለሽ። ሱቁ ተወርሶ ወደዚህ ሲመጣ እኔንም ይዞኝ መጣ። አሁን ሰውየው አርጅቷል፤ ልጆቹም ድርጅቱን ሊሸጡት ነው። ባለፈው ሰሞን ጠርቶ አስቀመጠኝና፣ «ሰላሁዲን፣ እኔ ዓይኔን ስከድን እነዚህ አያቆዩህም። ጉልበት ሳለህ ተማር» አለኝ። እንግሊዝ አገር ሥራ ላይ የቆየ ሰው ተቀብሎ በንግድ ሥራ አመራር የሚያስተምር ትምህርት ቤት አለ። ለዚያ አመልክቻለሁ።

ዲግሪዬን ይጠይቃሉ፣ የአሠሪዬን ምስክርነት ይጠይቃሉ፣ ስለ ሥራዬም በራሴ ቃል እንድጽፍ ይፈልጋሉ። ከሁሉ የከበደኝ ግን ፈተናው ነው። ጂማት ይባላል። በየአገሩ በአንድ ሰሞን ይሰጥና አሜሪካ ተልኮ ይታረማል፤ ውጤቱ ከስምንት መቶ ነው። ከየአገሩ የሚመጣውን አመልካች በአንድ ሚዛን ለማየት ነው ይላሉ። ትምህርት ቤቱ በደብዳቤው፣ «ውጤቱ ብቻውን አያስገባህም፤ ከአምስት መቶ ሃምሳ ካነሰ ግን የቀረውን ማመልከቻህን ለማየት እንቸገራለን» ብሎኛል። በነፃ የሚያስተምሩትን የሚመርጡትም በሱው ነው። በነፃ ካልሆነ ደግሞ ለኔ የማይታሰብ ነው።

ዋናው ዲግሪዬ እናቴ ሳጥን ውስጥ አለ። በሪኮማንዴ አስመዝግበሽ ላኪልኝ።

ወንድምሽ ሰላሁዲን


ቆቦ፣ ጥቅምት 22 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበርከው ለአያ ሰላሁዲን፣

ወዐለይኩም ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ደብዳቤህ ደርሶናል፤ ጤንነትህን በመስማታችን አልሐምዱሊላህ ብለናል። ጎርፉ ዘንድሮ ደግ ነበር። ማሽላው ሰው ቆሞ ቢገባበት አይታይም፤ ወፍ ጠባቂዎቹ ማማ ላይ ወጥተዋል።

ዲግሪህ ከሳጥኑ ሥር እናትህ ለበዓል ከምትለብሰው ነጠላ ውስጥ ተጠቅልሎ ተገኘ። ዛሬ ፖስታ ቤት አስገብቼዋለሁ።

ደብዳቤህን ለእቴቴ ኡሙሰልማ ሁለቴ አነበብኩላት። የፈተናው ነገር አልገባትም።

«ዩኒቨርሲቲውን ጨርሶ የለም እንዴ? ደግሞ ምን ብለው ይፈትኑታል?» አለችኝ።

«እነሱ አያውቁትማ» አልኳት።

«ሕንዱ ያውቀው የለ? ሕንዱን አይጠይቁትም?»

«እሱንም ይጠይቃሉ። ፈተናውንም ይፈልጋሉ።»

«እንግዲያስ ሁለቱንም ይስጣቸው» አለች። ከዚያ ወዲህ ለመጣው የቅቤ ደንበኛ ሁሉ «ልጄ ሊፈተን ነው» እያለች ትናገራለች።

ድካም ቢጤ ስላለባት ገበያ መውጣቱን ለጊዜው ትታለች፤ ቅቤውን የሚፈልጉ ሰዎች እቤት ድረስ ይመጣሉ። በዚህ አትጨነቅ። ፈተናው መቼ እንደሆነና ምን ምን እንደሚጠይቅ ጻፍልኝ፤ እሷም ትጠይቀኛለች፣ እኔም አስተማሪ ነኝና ማወቅ እፈልጋለሁ።

እህትህ አሲያ


ናይሮቢ፣ ኅዳር 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለአሲያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ በዋላችሁበት ይጠብቃችሁ። ዲግሪው በደህና ደርሶኛል፤ የነጠላዋ ሽታ እንኳ አልለቀቀውም ነበር።

ፈተናው ጥር 21 ቀን ቅዳሜ ነው። ከዚያ ቢያልፍ ለዘንድሮው ማመልከቻ አይደርስልኝም። ሒሳብ አለው፣ ሰዋስው አለው፣ ረዥም ጽሑፍ አንብቦ መመለስም አለው። ሒሳቡን አልፈራውም። ንባቡ ነው መከራ፤ ስለማላውቀው ነገር ሁሉ ይጽፉና ደቂቃ ቆጥረው ይሰጡሃል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ የተሳሳትከው መልስ ካገኘኸው ላይ ሩብ ነጥብ ይቀንስብሃል። ስለዚህ ምንም የማታውቀውን ባዶ መተው ነው የሚሻለው። ይህን ለመልመድ ተቸገርኩ፤ ባዶ ቦታ ባየሁ ቁጥር እጄ ይበላኛል። ከሥራ ስወጣ ከአሮጌ ፈተናዎች ጋር ሰዓት ይዤ እቀመጣለሁ። የሮቢቱ ታረቀኝ እዚህ ጋራዥ ይሠራል ብዬሽ አልነበር? እሑድ እሑድ እሱ ሰዓቱን ይይዝልኛል። «በቃ!» ብሎ ወረቀቱን ሲነጥቀኝ እውነተኛ ፈታኝ ነው የሚመስለው።

አንድ ነገር ግን ከልቤ አልወጣ አለኝ። እናቴ ገበያ ተወች አልሽኝ። እሷ ወባ ይዟት እየተንቀጠቀጠች ገበያ የምትወጣ ሰው ናት። ድካሙ ምን ዓይነት ነው? ብመጣ የመመለሱ ነገር እንደማይሆንልኝ አንቺም ታውቂያለሽ። ግን ነገሩ የሚያሰጋ ከሆነ ንገሪኝ፤ ፈተናውን ትቼ እመጣለሁ። ፈተና ሌላ ጊዜም አለ።

ወንድምሽ ሰላሁዲን


ቆቦ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበርከው ለአያ ሰላሁዲን፣

ወዐለይኩም ሰላም። አላህ የጀመርከውን ያሳካልህ።

ደብዳቤህ የቆየው መንገዱ ተቋርጦ ስለነበረ ነው። አውቶቡሶቹ ጎብዬ እየደረሱ ተመልሰው ሰነበቱ። አሁን ተከፍቷል።

የጠየቅኸኝን ለእቴቴ ነገርኳት። መልሷን በቃሏ ልጻፍልህ፦ «ሳትፈተን እንዳትመጣ። ብትመጣ በሬን አልከፍትልህም። ይህን ሁሉ ዘመን እዚያ የተቀመጥከው እኔ ስደክም አጠገቤ ቁጭ ብለህ ልታየኝ አይደለም። ተፈተን።» ከዚህ ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ስለ ሩቡ ቅጣት ስነግራት ሳቀች። «ምን ክፉ ሰዎች ናቸው! ሳይሳሳት የሚማር አለ?» አለች። ቀጥላም፣ «የማያውቀውን ይተወው በይው፤ ልጄ ድሮም ዝም ማለት ይችላል» አለችኝ።

ማሽላው ታጭዷል። አጎትህ በድረዲን አውድማ ላይ ነው የሚያድረው።

እህትህ አሲያ


ናይሮቢ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለአሲያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ደብዳቤሽ በቶሎ ደረሰኝ። በሬን አልከፍትልህም ያለችው ትንሽ አሳቀኝ፣ ትንሽ ደግሞ አስፈራኝ። እናቴ በሯን ለማን ዘግታ ታውቃለች?

በመጨረሻው ልምምድ አምስት መቶ ስልሳ መጣልኝ። ታረቀኝ ሰዓት እንዳላጭበረበረልኝ ምሎልኛል። እንዲህ ከሄደ ኢንሻአላህ ይሳካል።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። በርሄ ቴፕ አለው። እናቴን አጠገቡ አስቀምጠሽ ድምጿን በካሴት ቅጂልኝ። ዱዓ ታድርግልኝ፤ ብትቆጣኝም ትቆጣኝ፣ ስለ ቅቤ ብታወራም ታውራ። ከፈተናው በፊት አንድ ጊዜ ብሰማት ልቤ ይረጋል። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካለ ስጪው፤ ከሌለም በፖስታ ላኪው። እባክሽ እንዳይዘገይ።

ወንድምሽ ሰላሁዲን


ቆቦ፣ ጥር 8 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበርከው ለአያ ሰላሁዲን፣

ወዐለይኩም ሰላም ወረሕመቱላሂ። ልምምዱ እየተሳካልህ በመሆኑ አልሐምዱሊላህ።

ካሴቱን አልላክሁም። አሁን አይሆንም። ለምን ብለህ እንዳትጠይቀኝ። ባለፈው፣ የማታውቀውን ባዶ መተው ይሻላል ብለኸኝ ነበር። ይህንንም ለጊዜው እንደሱ ተወውና አልፈህ የሚቀጥለውን ሥራ።

አጎትህ በድረዲን ሰላም ይልሃል። በርሄና ባለቤቱ ለተ ብርሃን ሰላም ይሉሃል። ሁላችንም በዱዓ ካንተ ጋር ነን። ቅዳሜ ዕለት ጠዋት አጎትህ መስጊድ ይውልልሃል፤ ለተ ብርሃንም ቤተ ክርስቲያን እስማለሁ ብላለች። ደህና በልተህ ግባ።

እህትህ አሲያ


ናይሮቢ፣ ጥር 24 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለአሲያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ተፈትኛለሁ።

አዳራሹ ትልቅ ነው፤ ኬንያውያን አሉ፣ ሕንዶች አሉ፣ ሁለት ሱዳኖችም ነበሩ። እርሳስ ሰጡን። ሒሳቡን ሠራሁት። ንባቡ ላይ ስለ ባሕር ፍጥረት የሚያወራ ጽሑፍ መጣና እሱን ስደጋግመው ጊዜው አለቀ፤ ከሱ በኋላ ያለውን አብዛኛውን ባዶ ተውኩት። ሲያበቃ ፈታኟ ተነስታ፣ «ውጤቱ እንዲሰረዝለት የሚፈልግ ካለ ከመውጣቱ በፊት ይናገር» አለች። አንድ ልጅ እጁን አወጣ። እኔም ላወጣ አሰብኩና ተውኩት። የተፈተንኩትን ተፈትኛለሁ።

ስለ ካሴቱ የምጠይቅሽ የለኝም። ለአጎቴና ለነ በርሄ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ወንድምሽ ሰላሁዲን


ቆቦ፣ የካቲት 11 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበርከው ለአያ ሰላሁዲን፣

ይህን ደብዳቤ የሚሰጥህ ታረቀኝ ነው። ለሱ ለብቻው ጽፈንለታል፤ ከማን ጋር ሆኖ በስንት ሰዓት እንደሚመጣብህ እሱ ያውቃል። እንግዲህ ይህን የምታነበው ነግሮህ፣ አልቅሰህ፣ ሰዎቹም ካጠገብህ ዞር ሲሉ ነው።

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። በክብር ቀብረናታል። ሰደቃዋም ወጥቷል። ቆቦ ሁሉ ነበር። የቀረውን ስትፈልግ እጽፍልሃለሁ፤ አሁን ግን ብጽፈው አትሰማኝም። ብትቆጣኝ እውነት አለህ።

አሲያ


ናይሮቢ፣ ነሐሴ 3 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለአሲያ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ብዙ ጊዜ ዝም አልኩሽ። አልተቆጣሁም ብዬ አልዋሽሽም። ከበልግ እስከ ክረምት መግቢያ ድረስ ብዕር ባነሳ ክፉ ነገር ይወጣኛል ብዬ ነው ያልጻፍኩት። አሁን ወጥቶልኛል።

አንድ ነገር ልንገርሽ። አውቄ ነበር። የጥር ስምንቱ ደብዳቤሽ ከፈተናው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ደረሰኝ። አነበብኩት። አጎቴ ሰላም ይልሃል፣ በርሄ ሰላም ይልሃል፣ ለተ ብርሃን ሰላም ትልሃለች። ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ። የእናቴ ስም የለም። ስንት ዓመት ስትጽፊልኝ እሷን ሳታነሺ ጽፈሽ አታውቂም። ውሸት መጻፍ እንዳልቻልሽ ገባኝ።

ወዲያው ልጽፍልሽ ወረቀት አወጣሁ። ቴሌግራም ልምታም አልኩ። ግን ብጠይቅሽ መመለስ ይኖርብሻል፤ ብትመልሺ ደግሞ ያን ሁሉ ቀን የተሸከማችሁት በከንቱ ይቀራል። ስለዚህ እንደማላውቅ ሆኜ ገባሁ። ሒሳቡ ረዳኝ፤ ቁጥር ሲሆን ሰው ሌላ አያስብም። ንባቡ ላይ ግን መስመሩን በዓይኔ እከተለዋለሁ እንጂ ያነበብኩት ቃል አይገባኝም ነበር። አራት መቶ ዘጠና መጣልኝ።

ታረቀኝ ሦስት ሰዎች አስከትሎ ሱብሂ ላይ በሬን ሲያንኳኳ ለምን እንደመጣ አውቄ ከፈትኩለት። ተቀመጡ። እኔም ምንም እንዳልገመተ ሰው ተቀመጥኩ። አንገቱን ደፍቶ፣ «ሰላሁዲን፣ እናታችን ዐርፋለች» ሲለኝ ግን ጮህኩ። ማስመሰል አልነበረም፣ አሲያ። ያወቅሁት ሌላ፣ የሰማሁት ሌላ ሆነብኝ። ታረቀኝ እስከ ዛሬ ያላወቅሁ ይመስለዋል፤ አልነገርኩትም።

ወደ ትምህርቱ ልመለስ። የትምህርት ቤቱ መልስ በመጋቢት መጣ። «ውጤትህ ከጠየቅነው ያነሰ ነው። የአሠሪህን ምስክርነትና ስለ ሥራህ የጻፍኸውን ግን አይተን ወደነዋል። በሰኔ ብትፈተን ከሁለቱ የበለጠውን እንይዝልሃለን» ይላል። ፈተናው ዝቅ ካለ ሌላውን አያዩትም የሚባለው ሁልጊዜ እውነት አይደለም ማለት ነው፤ ቢያንስ አንድ ሰው ተቀምጦ አንብቦታል። ሕንዱ ደብዳቤውን ሳሳየው፣ «እኔን አመኑኝ!» ብሎ እንደ ልጅ ተደሰተ። በሰኔ ተፈተንኩ። አምስት መቶ ሰማንያ። በነፃ ተቀብለውኛል። በመስከረም መጨረሻ እሄዳለሁ።

እንግዲህ አሁን የምፈራው ፈተና የለም። ሁሉንም ጻፊልኝ። እንዴት እንደታመመች፣ ማን አጠገቧ እንደነበረ፣ ምን እንዳለች። ይከፋዋል ብለሽ የምታስቀሪው አይኑር።

ወንድምሽ ሰላሁዲን


ቆቦ፣ መስከረም 3 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበርከው ለአያ ሰላሁዲን፣

ወዐለይኩም ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ የምትሄድበትን አገር የደስታ ያድርግልህ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ጳጉሜን ላይ ነው። ያልከኝን አደርጋለሁ፤ ምንም አላስቀርም።

ክረምቱ ሲወጣ እግሯ ማበጥ ጀመረ። ደረጃ ቢጤ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት ነበር። አጎትህ ወልድያ ሆስፒታል ወሰዳት። ሐኪሙ ልቧ ደክሟል ብሎ መድኃኒት ሰጣት፤ ጨው ከልክሎ መለሳት። ጨው መከልከሏ ከሕመሙ ይበልጥ አናደዳት። የመጀመሪያዎቹን ደብዳቤዎች የጻፍኩልህ በዚህ መሐል ነው።

እመጣለሁ ያልክ ጊዜ አነበብኩላት። «ጻፊ፣ እናትህ ደህና ናት በይ» አለችኝ። ብዕሩን አስቀመጥኩ። አየችኝና፣ «እሺ፣ እሱን አትጻፊ። እንዳይመጣ ጻፊ። እሱስ ውሸት አይደለም» አለች። አጎትህም ነበር። ያን ዕለት ነው ከፈተናው በፊት እንዳይነገረው ብላ ቃል ያስገባችን። እኔ ተከራከርኳት። «እቴቴ፣ ማወቅ ሐቁ ነው» አልኳት።

«ሐቁ ነው» አለችኝ። «ይቆይለታል እንጂ አይቀርበትም።»

የሞተችው ታኅሣሥ 16 ቀን ነው። ጠዋት ተሽሏት ነበር። ፀሐይ ልሙቅ አለችና ደጃፍ ላይ አስቀመጥናት። አንዲት ሴት ከቆላ ቅቤ ይዛ መጣች። እናትህ በጣቷ ነካ አድርጋ አሸተተችውና፣ «ይሄ የሁለት ቤት ቅቤ ነው፤ የአንዷ ላም ገና መውለዷ ነው» አለቻት። ሴትዮዋ በአላህ ማለች፣ ኋላም ሳቀችና አመነች። እናትህም ሳቀች። ያን ቀን የሳቀችው ሳቅ አሁንም ይሰማኛል።

ከዐሱር በኋላ ደከመኝ አለች። አስገባናት። እኔ ራሷን ይዤ፣ አጎትህ ቁርአን እየቀራ፣ ለተ ብርሃን እግሯን እያሸች ነበር። ስምህን ጠራች፤ ምን ልትል እንደሆነ አልሰማንም። አልጨነቃትም። መግሪብ ሳይባል ሄደች። በማግስቱ ጠዋት ተቀበረች። በርሄ ከጀናዛው አልተለየም፤ ቀብሩ ላይ አፈሩን ሲመልሱ ዶማውን ከወጣቶቹ ተቀብሎ ሠራ።

ካሴት የጠየቅህ ጊዜ በጣም ተቸገርን። በርሄ ቴፑን ይዞ መጣና፣ «ያንቺን ድምፅ ቅጂለት፤ ጉንፋን ይዟታል በይው» አለኝ። ለደግ ብሎ ነው፤ ዓይኑ እንባ ነበረው። እኔም አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ፣ አያ ሰላሁዲን። «ልጄ» ብዬ ጀመርኩና አቃተኝ። ከዚያ ያን አጭር ደብዳቤ ጻፍኩልህ። ስሟን አውቄ አልተውኩትም። ደህና ናት ብዬ መጻፍ አልቻልኩም፤ ሞታለች ብዬ መጻፍም አልችልም ነበር። እጄ ዘሎት ሄደ።

አሁን ደግሞ የሰሞኑን ልንገርህ። ደብዳቤህን ለአጎትህ አነበብኩለት። አውቄ ነበር ያልከው ጋ ስደርስ አስቆመኝና እንደገና አስነበበኝ። ከዚያ ተነስቶ ወጣ። ማታ ስመጣ ደጃፉ ላይ ምንጣፍ ተዘርግቷል፤ ጎረቤት ተጠርቷል። «ልጁ ለብቻው ነው ያዘነው፤ የሱን ድርሻ ለቅሶ አልተቀመጥንም» ብሎ ነው።

ሦስት ቀን ተቀመጥን። ከገበያም ከገጠርም ሰው መጣ። አጎትህ ከጎኑ አንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ክፍት ትቶ ነበር የሚቀመጠው፤ ማንንም አላስቀመጠበትም። የሚመጣው ሰው እኛን ከጨበጠ በኋላ ወደ ክፍቱ ቦታ ዞሮ፣ «ሰላሁዲን፣ አላህ ያጽናህ» እያለ አለፈ። በርሄም «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለህ።

እኔም ተራዬ ሲደርስ ወደዚያው ዞሬ አልኩህ።

እህትህ አሲያ